ስለ ኦክሞንት የጎልፍ ክለብና ሻምፒዮናዎቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰኔ 8 ቀን 2017 ሌሊት የእኛ ሳሎን መብራት እስከ 9 ሰዓት ድረስ አልጠፋም። ጎረቤታችን ሰው የታመመ መስሏቸው ጠዋት ሊጠይቁን መጡ። የታመመ የለም፤ ኦክሞንት የሚባል ክለብ ላይ የተካሄደውን ዩኤስ ኦፕን የተባለ የጎልፍ ውድድር እያየን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈር ውስጥ "ያ የጎልፍ ሰውዬ" ሆኜ ቀረሁ። ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ ስንበላ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በሁለት አቆጣጠር እያምታታሁ ራሳችሁን አላዞርም።

ኦክሞንት የት ነው? የማንስ ነው?

አሜሪካ ውስጥ፣ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ፒትስበርግ ከተማ አጠገብ። ፒትስበርግ የብረት ከተማ ነበረች፤ ክለቡንም በ1903 የመሠረተው በብረት የከበረ ሄንሪ ፋውንስ የሚባል ሰው ነው። የእርሻ መሬት ገዛ፣ ወደ 150 የሚሆኑ ሠራተኞችንና የጋማ ከብት አሰማራ፣ ሜዳውን ራሱ ነደፈ። በሕይወቱ የነደፈው ሜዳ ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ልጁ ዊልያም ደግሞ ከአባቱ የባሰ ነበር። እሱ ራሱ በ1910 የአሜሪካ አማተር (ለገንዘብ የማይጫወቱ ሰዎች) ሻምፒዮን የሆነ ተጫዋች ነው። ወጣ ብሎ አባላቱ ሲጫወቱ ያያል። አንዱ አበላሽቶ መትቶ ኳሷ ደህና ቦታ ካረፈችለት፣ እዚያ ቦታ ላይ የአሸዋ ጉድጓድ ያስቆፍራል። የአባትና የልጁ እምነት አንድ ነበር፦ ያበላሸኸው ምት ላይመለስ ይጥፋ። ማቄን ጨርቄን የለም።

ዛሬም የግል ክለብ ነው። አባል ካልሆናችሁ ወይም አባል ካልጋበዛችሁ በሩን አታልፉም።

የግል ክለብ ከሆነ ውድድሩ እንዴት "ኦፕን" ይባላል?

ይሄንን የጠየቁኝ ጎረቤቴ ጋሼ ናቸው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ዩኤስ ኦፕን የክለቡ ውድድር አይደለም። የሚያዘጋጀው ዩኤስጂኤ የሚባለው የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ሲሆን፣ ከ1895 ጀምሮ በየጊዜው ከክለብ ክለብ እየዞረ ይካሄዳል። ሠርግ አስቡ። ድንኳኑ የሚተከለው ሰፊ ግቢ ካለው ጎረቤት ቤት ነው። ግቢው የሰውየው ነው፤ ድግሱ ግን የሙሽሮቹ ነው። ሠርጉ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል።

"ኦፕን" ማለት እንግዲህ ተወዳዳሪው ነው። ፕሮፌሽናል የሆነ፣ ወይም ደህና ችሎታ ያለው አማተር፣ ተመዝግቦ ማጣሪያ መሞከር ይችላል። ለ2025ቱ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር። ሜዳ የገባው 156 ነው። ስለዚህ በአዘቦት ቀን ጥበቃው ከበር የሚመልሰው ሰው፣ በዚያ ሳምንት ዋንጫ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ኦክሞንትን የምወደው በዚህ ነው። እንደምታዩት ይዘውት ከወጡት ውስጥ የካዲነት ኑሮ የቀመሱ አሉበት። ካዲ ማለት ለተጫዋቹ የዱላ ቦርሳ ተሸክሞ የሚከተለው ሰው ነው።

እስካሁን ስንት ትልልቅ ውድድር ተካሂዶበታል?

ዩኤስ ኦፕን ብቻ 10 ጊዜ። ይህን ያህል ያስተናገደ ሌላ ክለብ የለም። አሸናፊዎቹን በቅደም ተከተል ልቁጠርላችሁ፦ 1927 ቶሚ አርመር፣ 1935 ሳም ፓርክስ፣ 1953 ቤን ሆጋን፣ 1962 ጃክ ኒክላውስ፣ 1973 ጆኒ ሚለር፣ 1983 ላሪ ኔልሰን፣ 1994 ኤርኒ ኤልስ፣ 2007 አንሄል ካብሬራ፣ 2016 ደስቲን ጆንሰን፣ 2025 ጄጄ ስፖን።

የፒጂኤ ሻምፒዮና የሚባለው ሌላው ትልቅ የፕሮፌሽናሎች ውድድር ደግሞ 3 ጊዜ ነው። በ1922 ጂን ሳራዘን፣ በ1951 ሳም ስኒድ፣ በ1978 ጆን ማሃፊ ወስደውታል። ሳራዘን በልጅነቱ ካዲ ነበር። በዚያው ዓመት ዩኤስ ኦፕንንም በሌላ ሜዳ አሸንፎ ስለነበር፣ ገና በ20 ዓመቱ ሁለቱንም ይዞ ቁጭ አለ። በዚህ ላይ የሴቶች ዩኤስ ኦፕን 2 ጊዜ፣ የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮና 6 ጊዜ።

ከሁሉም የበለጠ የሚወራለት የቱ ነው?

ሽማግሌ የጎልፍ ወዳጅ ካገኛችሁ 1962 ይላችኋል፣ ሌላው 1973 ይላችኋል። እኔ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ፣ ምረጡ።

በ1962 አርኖልድ ፓልመር የአገሩ ንጉሥ ነበር። የተወለደው ከኦክሞንት ብዙም በማትርቀው ላትሮብ ነው። ሲዳማ ቡና ሐዋሳ ላይ ሲጫወት ያለውን ጩኸት አስቡት። ሰው ሁሉ የእሱ ነው። ከፊቱ የቆመው ደግሞ ጃክ ኒክላውስ የሚባል የ22 ዓመት ወፈር ያለ ልጅ፤ ፕሮፌሽናል ከሆነ ወዲህ አንድም ውድድር አላሸነፈም። ደጋፊው እየሰደበው፣ እየጮኸበት ተጫወተ። አራቱ ዙር ሲያልቅ እኩል ሆኑ። በማግስቱ ለመለያ 18 ጉድጓድ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ዙር ተጫወቱ። ጎልፍ ላይ የሚያሸንፈው ያነሰ ምት የመታው ነው። ኒክላውስ በ71 ምት ጨረሰ፣ ፓልመር በ74። የኒክላውስ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ድል ይኸው ነው። በኋላ 18 ዋና ዋና ዋንጫዎችን ሰበሰበ፤ እስካሁን የደረሰበት የለም። ፓልመርን የጣለው እንግዲህ ጉልበት አይደለም፤ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለችው የመጨረሻዋ ለስላሳ ምት ናት።

1973 ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ጆኒ ሚለር ቅዳሜ 76 መትቶ ተስፋ ቆርጧል። እሑድ ሲጀምር ከመሪዎቹ በ6 ምት ወደ ኋላ ነበር። መሪዎቹ ውስጥ ያው ፓልመር አለ፤ አሁን 43 ዓመቱ ነው። ሜዳው በውሃ ለስልሶ ነበር። ሚለር የመጀመሪያዎቹን አራት ጉድጓዶች በየአንዳንዱ አንድ ምት እያተረፈ ጨረሰ። ስምንተኛው ላይ አንድ ሳተ። ከዚያ ቀጠለ። በመጨረሻ 63! በወንዶች ዋና ዋና ውድድር ታሪክ 63 የመታ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ፓልመር እየመራሁ ነው ብሎ ሲጫወት፣ ሰሌዳውን ቀና ብሎ ሲያይ ያልጠበቀው ስም ተቀምጧል። ሚለር በአንድ ምት በልጦ ወሰደው።

በማግስቱ ዓመት ውድድሩ ዊንግድ ፉት ወደሚባል ሌላ ክለብ ሄደ። እዚያ አሸናፊው ሄል ኧርዊን ከፓር 7 በላይ ነበር። ብዙ ሰው አዘጋጆቹ የሚለርን 63 ተበቀሉ ይላል። እኔም ሳልጠረጥር አልቀርም።

ለነገሩ ከሁለቱም ይልቅ ልቤን የሚነካኝ 1953 ነው። ቤን ሆጋን በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭታ ሊሞት ነበር፤ ዳግመኛ በእግሩ መሄዱ ራሱ አጠራጥሮ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ኦክሞንት ላይ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው መርቶ በ6 ምት ልዩነት አሸነፈ።

"ፓር" ግን ምንድነው?

አንድ ጥሩ ተጫዋች አንድን ጉድጓድ ለመጨረስ ይበቃዋል ተብሎ የተመደበው የምት ቁጥር ነው። 18ቱ ሲደመር በ2025 ኦክሞንት ላይ 70 ነበር። በአራት ቀን 280 ማለት ነው። በሌላ ሜዳ አሸናፊው ከዚህ 15 እና 20 ምት ቀንሶ ይጨርሳል። ኦክሞንት ላይ ስፖን የቀነሰው አንድ ምት ብቻ ነው፤ ከፓር በታች የጨረሰውም እሱ ብቻ ነበር። ካብሬራ በ2007 ጭራሽ ከፓር 5 በላይ ሆኖ ነው ያሸነፈው። ታይገር ውድስና ጂም ፉሪክ በአንድ ምት ቀሩ። ካብሬራ አርጀንቲናዊ ነው፣ በልጅነቱ ካዲ ነበር፣ ሜዳ ላይ ሲጋራውን እያቦነነ ነበር የሚሄደው።

ለምንድነው ይህን ያህል የሚከብደው?

ዋናው ጣጣ ግሪኑ ነው። ግሪን ማለት ጉድጓዱ ያለበት፣ ሣሩ ምንጣፍ ሆኖ የታጨደበት ቦታ ነው። ኦክሞንት ላይ ግሪኑ ያዘነብላል፣ ያንሸራትታል። ኳሷን ነካ አድርጋችሁ ስትለቋት ጉድጓዱን አልፋ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ ከግሪኑ ወርዳ ቁጭ።

በ1935 ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የሚባል አማተር ተጫዋች ውድድሩን ሊያይ ኦክሞንት መጣ። ያ ሳራዘን ያልኳችሁ ሰው ግሪን ላይ ነካ ያደረጋት ኳስ ተንከባልላ ከግሪኑ ስትወጣ አየ። "ይሄ ነገር ልኩ ይታወቅ" አለና መለኪያ ሠራ። ስሙ በራሱ ስም ስቲምፕሜትር ተባለ። ዩኤስጂኤ በ1970ዎቹ አሻሽሎ ሥራ ላይ አዋለው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ትልቅ ውድድር ሁሉ ግሪኑን የሚለካው በዚሁ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 91 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቦይ ያለው የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ኳሷን ጫፉ አካባቢ ያለች ጎድጓዳ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ዘንጉን ቀስ እያላችሁ ከፍ ታደርጋላችሁ። ወደ 20 ዲግሪ ሲደርስ ኳሷ ራሷ ትለቃለች። ከዚያ ስንት ጫማ እንደተንከባለለች መለካት ነው። ኦክሞንት ለሻምፒዮና ሲዘጋጅ ከ14 ጫማ ያልፋል።

ልጄ ይህን ስነግረው ዝም አላለም። በርና መስኮት ከሚሠሩ ልጆች ዘንድ የተረፈ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ለምኖ አመጣ። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣልን አንዲት የጎልፍ ኳስ አለች። ሳሎን ሴራሚክ ላይ ለቀቃት። ኳሷ የቡና ረከቦቱን በጣት ስፋት ስታ፣ ሶፋ ሥር ገብታ ግድግዳ መትታ ተመለሰች። እናቱ "ሁለተኛ!" አለች። የኦክሞንት ግሪን እንግዲህ ሣር ሆኖ እንዲህ ሊያደርግ የሚሞክር ነው።

አሸዋውም አለ። በ3ኛውና በ4ኛው ጉድጓድ መሀል ረጅም የአሸዋ ገንዳ አለ፤ ውስጡ በሣር የተሸፈኑ ጉብታዎች በረድፍ በረድፍ ተደርድረውበታል። ፈረንጆቹ "የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበሮች" ይሉታል። እኛ ቤት እንኳ ቅዳሴ ቆመን ስለሆነ ስሙ አይገጥመንም። ለማንኛውም ኳሷ እዚያ ከገባች ዋናው ጭንቀት ወደ ፊት መምታት አይደለም፤ መውጣት ነው። በድሮው ጊዜማ አሸዋውን ጥርሱ በሰፋ ከባድ መጥረጊያ እንደ እርሻ ትልም እያወጡለት ነበር፤ ኳሷ ትልም ውስጥ ትቀበራለች።

8ኛው ጉድጓድ ደግሞ በአንድ ምት ግሪን ላይ መድረስ ይጠበቅበታል። በ2025 የመጨረሻ ቀን 301 ያርድ አድርገውት ነበር። ወደ 275 ሜትር፣ ማለትም ሁለት ተኩል የእግር ኳስ ሜዳ።

ዛፎቹን ቆረጡ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሐዋሳ ላይ ስናገረው የማያምነኝ ሰው የሚበዛው በዚህ ነው።

ፋውንስ ሲሠራው ሜዳው ገላጣ ነበር። በኋላ፣ በ1950ዎቹና 60ዎቹ፣ ሜዳውን እናሳምር ብለው ዛፍ ተከሉ። አደገ፣ ጥቅጥቅ አለ። በ1990ዎቹ ጥቂት ሰዎች ሜዳው ወደ ጥንቱ ይመለስ አሉ። ግን አባላቱ እንደሚጮኹ ያውቃሉ። ስለዚህ ሠራተኛው ጎሕ ሳይቀድ በመብራት ይቆርጣል፣ ግንዱን ይጭናል፣ ፍቅፋቂውን ጠርጎ ይጨርሳል። አባላቱ ሲመጡ ሁሉም ሰላም ነው። ኋላ ላይ መታወቁ አልቀረም፣ ጭቅጭቁም ተነሣ። ቆረጣው ግን ቀጠለ፤ በሺዎች የሚቆጠር ዛፍ ወጣ። አሁን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ታዩታላችሁ፤ ንፋሱም እንደልቡ ይገባል።

እኛ በየክረምቱ ችግኝ ስንተክል እነሱ በጨለማ ይቆርጣሉ። ሐይቁ ዳር ካሉት ዋርካዎች አንዱን በሌሊት የሚነካ ሰው በሕይወት አይገኝም ባይ ነኝ። ለጎልፉ ግን ጥሩ ሆነ፣ ይህን መካድ አልችልም።

በመሀሉ አውራ ጎዳና ያልፋል?

ያልፋል። የፔንሲልቬንያ የክፍያ መንገድ ሜዳውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከ2ኛ እስከ 8ኛ ያሉት ጉድጓዶች በወዲያኛው በኩል ናቸው። ተጫዋቹም ተመልካቹም በድልድይ ይሻገራል፣ ከታች የጭነት መኪና ያልፋል።

ቦቢ ጆንስ እዚያ ተሸንፏል?

አዎ፣ ከጎልፍ ታላላቅ ስሞች አንዱ የሆነው ጆንስ በ1919 አማተር ሻምፒዮና ፍጻሜ ተሸንፏል፣ ገና 17 ዓመቱ እያለ። ያሸነፈው ዴቪድሰን ሄሮን የክለቡ አባል ነበር፣ ሜዳውን እንደ ጓሮው ያውቃል። ጨዋታው እየተካሄደ ጆንስ ሊመታ ዱላውን ሲያነሳ፣ አንድ አስተናባሪ ሕዝቡን ጸጥ ለማሰኘት በድምፅ ማጉያ ጮኸ። ጆንስ ደነገጠ፣ ምቱ ተበላሸ። ጸጥታ አስከባሪው ነው ያስደነገጠው እንግዲህ። በ1925 ተመልሶ መጥቶ ዋንጫውን ወሰደ፤ በፍጻሜው የጣለው የገዛ ክለቡን ልጅ ዋትስ ገንን ነው።

ደስቲን ጆንሰን ምን ሆኖ ነው ያ ሁሉ ጭቅጭቅ?

2016፣ የመጨረሻው ቀን። 5ኛው ግሪን ላይ ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ ለዓይን በማይታይ ልክ ንቅንቅ አለች። ራሱ ዳኛ ጠራ። ዳኛው "አንተ አይደለህም፣ ቀጥል" አለው። ከዚያ 12ኛው ጉድጓድ ላይ መጥተው "ነገሩን እንደገና እያየነው ነው፣ ምናልባት አንድ ምት ትቀጣለህ፣ ሲያልቅ እንነግርሃለን" አሉት። የቀሩትን ሰባት ጉድጓዶች ውጤቱን ሳያውቅ ተጫወተ። ሌሎቹም ማን እንደሚመራ አያውቁም። ቪኤአር ላይ የምንጮኸው ጎል ለአምስት ደቂቃ ሲዘገይ ነው፤ ይሄ ሰውዬ ለሁለት ሰዓት ያህል ጠበቀ። በመጨረሻ ቀጡት። ቢቀጡትም በ3 ምት በልጦ አሸነፈ። ዩኤስጂኤ ነገሩን የያዘበትን መንገድ አስመልክቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሕጉም ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ላላ፤ ግሪን ላይ ሳታስቡት ኳስ ብትነቃነቅባችሁ አትቀጡም።

ከአፍሪካ ያሸነፈ አለ?

ደቡብ አፍሪካዊው ኤርኒ ኤልስ፣ በ1994፣ በ24 ዓመቱ። ሦስት ሰው እኩል ሆኖ ሰኞ 18 ጉድጓድ ተጨመረ፤ አሁንም ሁለቱ እኩል ሆኑ፤ ሁለት ጉድጓድ ተጨምሮ ለየለት። አርኖልድ ፓልመርም ዩኤስ ኦፕንን የተሰናበተው በዚሁ ዓመት፣ በዚሁ ሜዳ ነው።

ሴቶቹስ?

በ1992 ፓቲ ሺሃን የመጨረሻዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ላይ አንድ አንድ ምት አትርፋ ጁሊ ኢንክስተርን ደረሰችባት፣ በማግስቱ በመለያ 72 ለ74 አሸነፈቻት። በ2010 ፖላ ክሪመር አውራ ጣቷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ጥቂት ወራት ሳይሞላ አሸነፈች። እጅ እያመማት ነበር የምትመታው። ቀጣዩ የሴቶች ዩኤስ ኦፕን እዚያ የሚካሄደው በ2028 ነው።

ስሙ ያልታወቀ ሰው አሸንፎ ያውቃል?

ሳም ፓርክስ፣ 1935። እዚያው ፒትስበርግ አካባቢ ያለ ክለብ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ነበር። ኦክሞንትን ያውቀዋል። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ አራቱን ዙር ከ300 ምት በታች የጨረሰው እሱ ብቻ ሲሆን፣ የመታው 299 ነው። ከዚያ በኋላ ያን ያህል ትልቅ ድል አላየም።

እኛን ያስመሸን ደግሞ ጄጄ ስፖን ነው። የመጨረሻው ቀን ሊነጋ ሲል፣ በነሱ አቆጣጠር ሌሊት 3 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት) ላይ፣ ታናሽ ልጁ ስታስመልስ አድራ፣ ፒትስበርግ ውስጥ መድኃኒት ቤት ሲፈልግ ነበር። እንቅልፉን ሳይጠግብ ሜዳ ገባ። 2ኛው ጉድጓድ ላይ ጥሩ አድርጎ የመታት ኳስ የባንዲራውን ዘንግ መትታ ወደ ኋላ ተንከባለለች። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ጉድጓዶች አምስቱ ላይ አንድ አንድ ምት ከሰረ። ሚስቴ "ይሄማ አለቀለት" ብላ ልትተኛ ተነሣች። ያኔ ዝናብ መጣ። 96 ደቂቃ ተቋረጠ።

ዝናቡ አዳነው። ልብሱን ቀይሮ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ሌሎቹ እርጥብ ሣር ውስጥ ሲዳክሩ እሱ ምት ማትረፍ ጀመረ። የመጨረሻው ግሪን ላይ ሲደርስ ተፎካካሪው ሮበርት ማኪንታየር ጨርሶ ቴሌቪዥን እያየ ይጠብቃል። ስፖን ሁለት ምት ቢያወጣ ይበቃዋል። ከጉድጓዱ ወደ 20 ሜትር ርቋል፤ ከአሥራ ስድስት ከሃምሳ ውጭ በሉት። ነካት። ኳሷ ወጣች፣ ታጠፈች፣ ወረደች፣ ገባች። ሽልማቱ 4.3 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ በብር አትመንዝሩት። ሚስቴ አልተኛችም ነበር ለካ፤ በሩ ሥር ቆማ ታያለች። ጎረቤቶቻችን የሰሙት ጩኸት የእሷ ነው።

የወንዶቹ ቀጣይ መቼ ነው?

2034፣ ከዚያ 2042፣ ከዚያ 2049። ውድድሩ ሰኔ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቀን እዚህ እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ያልፋል። ልጄ የ2034ቱን እኛ ቤት እናያለን ብሎ ሰፈሩን ከወዲሁ ጋብዟል። ጋሼ "ካለን" ብለዋል።